ሁለት መኪና በአንድ ቆጣሪ፦ ቤት ውስጥ ቻርጅ የማድረግ የመቶ ዓመት ታሪክ

እስቲ አንድ ግቢ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቤተሰቡ ተኝቷል። ሁለት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው ቻርጅ ያደርጋሉ፤ አንዱ በረንዳው ላይ ካለው ሶኬት፣ ሌላው ደግሞ በመስኮት በወጣ ኤክስቴንሽን። ድምፅ የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚያያቸውም ሰው የለም። ጥያቄዬ እንግዲህ ይኼ ነው፦ በዚህ ሰዓት ቤቱን ከእሳት፣ ሰዉን ከኮረንቲ የሚጠብቀው ማን ነው?

«ብሬከሩ ነዋ!» ካላችሁ ግማሹን መልሳችኋል። ቀሪው ግማሽ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ ለጊዜው ወደዚያ እንሂድ፤ በኋላ አዲስ አበባ እንመለሳለን። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው። በነገራችን ላይ እኛ «ጋራዥ» ስንል መኪና የሚጠገንበትን ቦታ ማለታችን ነው፤ እዚህ ግን የማወራው መኪናችሁ ስለሚያድርበት ቦታ ነው፤ ባለ በር ክፍልም ይሁን የግቢ ጥግ።

ጠባቂው ሰው በነበረበት ዘመን

በ1914 ዲትሮይት ውስጥ የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ የምትነዳው ባሏ በገፍ የሚያመርተውን የቤንዚን መኪና አልነበረም። የእሷ መኪና «ዲትሮይት ኤሌክትሪክ» ይባል ነበር፤ የሚሠራውም በባትሪ። ዛሬም በፎርድ ስም የተሰየመው ሙዚየም ንብረት ነው። አይገርምም? የዚያን ጊዜ የቤንዚን መኪና ለማስነሳት ከፊት ለፊት ቆሞ ብረት በእጅ ማሽከርከር ያስፈልግ ነበር፤ ብረቱ ተመልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። የኤሌክትሪኩ መኪና ግን ወዲያው ይነሳል፣ አይጮህም፣ አይሸትም።

ችግሩ ማታ ላይ ነበር። ባትሪ የሚቀበለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኮረንት፣ ማለትም ዲሲ ነው። ወደ ቤቶች እየገባ የነበረው ደግሞ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚቀያይረው ኤሲ ነው። በ1902 ፒተር ኩፐር ሂዊት የተባለ አሜሪካዊ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር መሣሪያ ሠራ፦ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት፣ ሥሩ ላይ ሜርኩሪ የተቀመጠበት ትልቅ የመስታወት አምፖል። ለማስነሳት አምፖሉን ዘንበል ያደርጉታል፤ ሜርኩሪው ሁለት ጫፎችን ያገናኝና ሲመለስ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብርሃን እያንቀጠቀጠ ይሠራል። ጀነራል ኤሌክትሪክ ይህን መሣሪያ መኪና ላላቸው ቤቶች ይሸጥ ነበር።

አሁን የደህንነቱን ነገር አስቡት። መሣሪያው ራሱ ምንም አያውቅም። ቮልቴጁን የሚያነበው ሰው ነው፤ ኮረንቱን የሚቀንሰው ሰው ነው፤ ባትሪው ሲሞላ ማጥፊያውን የሚያወርደው ሰው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የማይታይ ጠላት ነበር። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ ውስጡ ያለው ውኃ እየተሰነጠቀ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ሃይድሮጅን ከአየሩ ውስጥ 4 በመቶ ያህል ከሆነ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ የባትሪውን ክዳን መክፈት፣ ክፍሉን ማናፈስ፣ ክብሪት አለመጫር፤ ሁሉም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። (ይህችን ሃይድሮጅን አትርሷት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ባልጠበቃችሁት ቦታ ትመጣለች።)

ብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩባቸው ማቆሚያዎችም ነበሩ። እዚያ ሠራተኛው በሜትሮች የተሞላ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለአንዱ መኪና ኮረንት ይጨምራል፣ ለሌላው ይቀንሳል። የእኛ የ«ሁለት መኪና» ጥያቄ እንግዲህ ያኔውኑ መልስ ነበረው፤ መልሱ ግን ደመወዝ የሚከፈለውና የማይተኛ ሰው ነበር።

በ1912 ካዲላክ የቤንዚን መኪናውን በኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሳት ጀመረ። ክንድ መሰበር ቀረ፤ ቤንዚንም ረክሶ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፋ፤ ቤት ውስጥ ቻርጅ የማድረግ ጥበብም አብሮት ተረሳ።

ብሬከሩ የማያየው

መኪናው ሲጠፋ የቤት ኤሌክትሪክ ግን ማደጉን አላቆመም። በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ዳልዚል የተባለ ፕሮፌሰር አንድ ደፋር ጥያቄ አነሳ፦ የሰው እጅ ኮረንቲ ከያዘው ገመድ መላቀቅ የሚያቅተው ስንት አምፔር ላይ ነው? በፈቃደኞች ላይ በጥንቃቄ ለካ። ለወንዶች አማካዩ 0.016 አምፔር አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቁጥር ቤታችሁ ካለው 16 አምፔር ብሬከር ጋር አስተያዩት፤ አንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ሰው ኮረንቲ ይዞት እየሞተ ብሬከሩ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ይቀመጣል ማለት ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦን ለማዳን እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም።

ዳልዚል በ1961 የሠራው መሣሪያ ሐሳቡ ቀላል ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንት በሌላው ሽቦ ሙሉ በሙሉ መመለስ አለበት። ከጎደለ፣ የጎደለው በሆነ ነገር፣ ምናልባትም በሰው አካል፣ በኩል ወደ መሬት ፈስሷል ማለት ነው፤ መሣሪያው በቅጽበት ይቆርጣል። የአሜሪካኑ 5 ሚሊአምፔር አካባቢ ጉድለት ላይ ይቆርጣል፤ ባለ 220 ቮልት አገሮች ውስጥ ለሰው ጥበቃ የተለመደው ደግሞ 30 ሚሊአምፔር ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አርሲዲ የሚሉት ይኼው ነው። ቻርጅ ለማድረጊያ የሚሆነውን ስትገዙ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከመኪናው ዲሲ ወደ ኋላ ሲያፈስ ተራው አርሲዲ ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ወይ «ዓይነት ቢ» የተባለው፣ ወይም 6 ሚሊአምፔር የዲሲ ፍሳሽ የሚያውቅ ሳጥን ያስፈልጋል።

ግድግዳውና መኪናው መነጋገር ጀመሩ

በ1990 የካሊፎርኒያ ግዛት ትልልቅ የመኪና አምራቾች ጭስ አልባ መኪና እንዲሸጡ አስገደደች። በ1996 ጀነራል ሞተርስ ኢቪ1 የተባለውን መኪና ይዞ መጣ። አሁን የተረሳው ጥያቄ እንደገና ተነሳ፦ ተራ ሰው፣ በዝናብ፣ በጨለማ፣ በየቀኑ ይህን ያህል ኃይል ያለው ነገር በእጁ እንዴት ይሰካል?

የጀነራል ሞተርስ መልስ አስቂኝም ብልህም ነበር። የፒንግፖንግ መምቻ የመሰለ የፕላስቲክ መቅዘፊያ መኪናው ላይ ካለ ቀዳዳ ውስጥ ታስገባላችሁ። እርቃኑን የወጣ ብረት የለም፤ ኃይሉ የሚተላለፈው እንደ ትራንስፎርመር በመግነጢስ ነው። ሌሎች አምራቾች ደግሞ ብረት ከብረት የሚነካካበትን ሶኬት መረጡ። ለጥቂት ዓመታት ካሊፎርኒያ ውስጥ እነዚህ ሁለት ወገኖች ተፎካከሩ። በ2001 ግዛቷ ለብረቱ ፈረደች፤ ርካሽና ቀለል ያለ ስለሆነ። እኔ በበኩሌ መቅዘፊያው ቢያሳዝነኝም ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብረቱን አስተማማኝ ያደረገው ፕላስቲክ ሳይሆን ንግግር ነበር።

ንግግር ስል ቀልዴን አይደለም። ከኮረንቱ ሽቦዎች ጎን አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ የምልክት ሽቦ እንበላት። አሜሪካ ጄ1772 በሚባለው ደንብ፣ አውሮፓም በራሷ ደንብ ያጸደቁት ቋንቋ አንድ ነው። የቻይናውም በጣም ይመሳሰላል። ሳጥኑ በዚህች ሽቦ ላይ 12 ቮልት ያስቀምጣል። መኪና ካልተሰካ 12 እንደሆነ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ትልልቆቹ ብረቶች ኮረንት የላቸውም። መኪናው ሲሰካ ውስጡ ባለ ሬዚስተር ቮልቴጁን ወደ 9 ያወርደዋል፤ «መጥቻለሁ» ማለቱ ነው። ዝግጁ ሲሆን ወደ 6 ያወርደዋል፤ «ስጠኝ»። ያን ጊዜ ብቻ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ትልቅ ማብሪያ «ጠቅ» ብሎ ይዘጋል። ስትነቅሉም መጀመሪያ ንግግሩ ይቋረጣል፣ ኮረንቱ ይቆማል፣ ብረቱ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ብልጭታ የለም።

3 ቮልትስ? እሱም ትርጉም አለው፦ «ስጠኝ፣ ግን መጀመሪያ ክፍሉን አናፍስ»። ሃይድሮጅኗ መጣች! የዛሬው ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ እንደ ድሮው ሃይድሮጅን አያወጣም፤ ስለዚህ ይህን ቃል የሚናገር መኪና ማግኘት ይከብዳል። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በቋንቋው ውስጥ አለ።

ሳጥኑ ደግሞ ለመኪናው ይመልስለታል። ምልክቱን በሴኮንድ 1000 ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል፤ በርቶ የሚቆይበት ድርሻ ቁጥር ይናገራል። ሩቡን ያህል፣ 27 በመቶ ግድም ከበራ «ከ16 አምፔር እንዳታልፍ»፤ ግማሹን አለፍ ብሎ 53 በመቶ ከሆነ «እስከ 32 ይፈቀድልሃል»። ቁጥሩ መሃል ላይ ከተቀየረ መኪናው በ5 ሴኮንድ ውስጥ መታዘዝ አለበት። አያችሁ? «ቻርጀር» የምንለው ሳጥን ቻርጅ አያደርግም። ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው የሂዊት አምፖል የልጅ ልጅ መኪናው ውስጥ ገብቷል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው አስተዋይ ማብሪያና ማጥፊያ ነው።

ታዲያ ሁለት መኪና ሲሆን?

ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ ለመኪናው የሚነግረው የራሱን ልክ ብቻ ነው። ሁለት ሳጥኖች ከአንድ ቆጣሪ ከተሰኩ አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። ሁለቱም «32 ውሰድ» ይላሉ፤ 64 አምፔር ሆነ። እናት ሊነጋጋ ሲል ምጣድ ከጣደች፣ 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 16 አምፔር ይጨምራል፤ 80 ደረሰ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈራ የነገረን ጄምስ ጁል ነው፤ በ1840ዎቹ መጀመሪያ። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት ከኮረንቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከኮረንቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ኮረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ። ሁለተኛዋን መኪና በዚያው ሽቦ ላይ ስትጨምሩ አደጋው እጥፍ የሆነ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ሽቦው ግን የሚያውቀው አራት እጥፍ ነው።

ጊዜም አለ። የሻይ ማፍያ ብዙ ኮረንት ይወስዳል፣ ግን ለአምስት ደቂቃ። መኪና 8 እና 10 ሰዓት ሳያርፍ ይስባል፤ ሽቦው የሚቀዘቅዝበት ፋታ የለውም። አሜሪካኖች ለዚህ ነው እንዲህ ላለ ረጅም ጭነት መስመሩ ከጭነቱ በ25 በመቶ እንዲበልጥ የሚያስገድዱት፤ 32 አምፔር ለሚወስድ መኪና የ40 አምፔር መስመር። በ1996 የወጣው የኤሌክትሪክ ደንባቸው ስለ መኪና ቻርጅ ራሱን የቻለ አንቀጽ፣ አንቀጽ 625ን፣ ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ የወጡት እትሞች ደግሞ ብዙ መኪናዎች በአንድ መስመር ኃይል የሚካፈሉበትን መንገድ ፈቀዱ።

በጣም አደገኛው ግን ሽቦው ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። ብሎኑ የላላ ሶኬት መጋጠሚያው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው እንበል። በ10 አምፔር 10 ዋት ሙቀት ይፈጥራል፤ ያውም ከጥፍር ባነሰች ቦታ ላይ፣ በፕላስቲክ ተከቦ። በ32 አምፔር 100 ዋት ያልፋል፤ የድሮው 100 ዋት አምፖል በእጅ የማይነካ እንደነበር አስታውሱ። ብሬከሩ ይህን ያያል? አያይም፤ ኮረንቱ ከልኩ አላለፈም። አርሲዲው ያያል? እሱም አያይም፤ ወደ መሬት የፈሰሰ የለም። ፕለጉ ውስጥ ሙቀት መለኪያ ያለው ገመድ ሊያየው ይችላል፤ ኤክስቴንሽን ከሰካችሁ ግን እሱ የሚያየው የራሱን ጫፍ ነው እንጂ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለውን የግድግዳ ሶኬት አይደለም። እና ያ በመስኮት የወጣው ኤክስቴንሽን፣ በተለይ እንደተጠቀለለ ከቀረ፣ ሦስቱም ጠባቂዎች ዓይናቸውን የጨፈኑበት ቦታ ነው።

አዲስ አበባ

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ይፋ ሆነ፤ ይህን ያህል ርቆ የሄደ አገር አልነበረም። መንገዱ ላይ የምታዩዋቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ ቻይና የተሠሩ ናቸው፤ የቻይናው ሶኬት ቅርጹ ከአውሮፓው ስለሚለይ አዳፕተር የሚባል ተጨማሪ መጋጠሚያ በየቦታው ይሸጣል። አዳፕተር ማለት ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ አንድ ተጨማሪ ሊግል የሚችል ቦታ ማለት ነው።

ቤቶቻችን የተሠሩት መኪና ሳይታሰብ ነው። ለሶኬት በተለምዶ የሚዘረጋው ሽቦ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ለ32 አምፔር ግን ቢያንስ 6፣ ርቀቱ ከረዘመ ወይም ሽቦው በቱቦ ታፍኖ ካለፈ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ያረጁ ቤቶች ውስጥ የኧርዝ መስመር የሌለው ሶኬት ታገኛላችሁ። ከመኪናው ጋር የመጣው ገመድ ኧርዝ ሲያጣ «አልሠራም» ብሎ ቀይ ሲያበራ አንዳንዱ በሽቦ አታሎ ያሠራዋል። እባካችሁ ይህን የሚያደርግ ሰው ስታዩ ዝም አትበሉ፤ ያ ቀይ መብራት የመኪናው ብረት አካል ኮረንቲ ቢይዝ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የለም እያለ ነው። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ ብሬከር መተካትም ያው ነው፤ ሽቦው ሳይወፍር የጠባቂውን ዓይን መሸፈን።

ሁለት መኪና ላለው ቤት ትክክለኛው መፍትሔ የሚነጋገሩ ሁለት ሳጥኖች፣ ወይም ሁለት ገመድ ያለው አንድ ሳጥን ነው። ለሁለቱ 32 አምፔር ተመድቦ ከሆነ 16፣ 16 ይካፈላሉ፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ሙሉውን ይወስዳል። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ዋናው መስመር ላይ ቀለበት የመሰለ መለኪያ የሚያስቀምጠው ነው። ምጣዱ ሲበራ መለኪያው ያየዋል፣ ሳጥኑ የምልክቱን ድርሻ ያሳንሳል፣ መኪናዎቹ ይቀንሳሉ፤ ቋንቋው እስከሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ፣ እስከ 6 አምፔር ድረስ። ያ በሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያድር ሠራተኛ በምልክት ተተካ ማለት ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ሰፈሩ ያለው መኪና ሁሉ በአንድ ቅጽበት መሳብ ከጀመረ ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል። እንግሊዞች ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ ለቤት የሚሸጥ ሳጥን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት በዕጣ እስከ 10 ደቂቃ እንዲዘገይ በሕግ አስገድደዋል። እንዲህ ያለ ደንብ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚሄድበት አገር የበለጠ የሚያስፈልግ ይመስለኛል፤ ኤሌክትሪካል ለምታጠኑ ልጆች ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሳጥን የለም» ለምትሉ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። 16 አምፔር በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ነው፤ በ4 ሰዓት 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል፣ ቢያንስ 70 ኪሎ ሜትር። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ በቀን ይህን ያህል ትሄዳላችሁ? ስለዚህ ባለሙያ ጠርታችሁ ለመኪና ብቻ የሚሆን አንድ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ አርሲዲና ኧርዝ ያለው፣ አስዘርጉ። ከዚያ ለሁለቱ መኪናዎች ቻርጅ የሚጀምሩበትንና የሚያቆሙበትን ሰዓት በየስክሪናቸው ላይ ሙሉ፦ አንዱን ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8፣ ሌላውን ከ8 እስከ ንጋቱ 12። የመጀመሪያው ሰሞን ታዲያ ፕለጉን በየጊዜው በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ ለብ ቢል ችግር የለውም፣ ካቃጠለ ግን ቻርጁን ከስክሪኑ አቁሙና ባለሙያውን መልሳችሁ ጥሩ።